ዳቶንግ፦ «ዐቢይ ኅብረት»

«ዳቶንግ» የሚለው ቃል በቻይና ሊቃውንት ዘንድ የሰው ልጅ ሁሉ እንደ አንድ ቤተ ሰብ ተሳስቦ የሚኖርበትን፣ ሀብቱም ሥልጣኑም የጋራ የሚሆንበትን ዓለም የሚያመለክት ሲሆን፣ በአማርኛ «ዐቢይ ኅብረት» ብንለው ምሥጢሩ ሳይጐድል ይተላለፋል ብዬ አምናለሁ።

ምንጩ ከአምስቱ የኮንፉሽየስ ቀኖና መጻሕፍት አንዱ የሆነው «ሊጂ»፣ ማለት የሥርዓት መጽሐፍ፣ «ሊዩን» የተባለው ምዕራፉ ነው። በዚያ እንደ ተተረከው፣ መምህሩ ኮንፉሽየስ በተወለደባት በሉ አገር የዓመቱ መዝጊያ መሥዋዕት ከተፈጸመ በኋላ ወደ በሩ ሰገነት ወጥቶ በኀዘን ሲተክዝ፣ ደቀ መዝሙሩ ዚዮው ምክንያቱን ቢጠይቀው፣ ስላለፈው የቅድስና ዘመን ነገረው፤ ያን ጊዜ ከሰማይ በታች ያለው ሁሉ የአንድ ወገን ርስት ሳይሆን የሕዝብ እንደ ነበረ፣ ለሹመት የሚመረጠውም በትውልዱ ሳይሆን በደግነቱና በችሎታው እንደ ነበረ፣ ሰውም የገዛ ወላጁንና የገዛ ልጁን ብቻ ስለማይወድ ሽማግሌው ጧሪ፣ ጐልማሳው ሥራ፣ ሕፃኑ አሳዳጊ እንዳላጣ፣ እጓለ ማውታውና ድውዩም እንዳልተጣለ፣ ወንበዴም ስላልነበረ የውጭ በር እንደማይዘጋ።

ከዚህ በኋላ የመጣውን ዘመን ምዕራፉ «ሺያዎካንግ»፣ ማለት ታናሽ ደኅንነት፣ ይለዋል። ዙፋን በውርስ የሚተላለፍበት፣ ከተማ በቅጥርና በጕድጓድ የሚታጠርበት፣ እያንዳንዱም ለራሱ ወገን ብቻ የሚያስብበት፣ ነገር ግን ሥርዓትና ፍትሕ ያልጠፉበት ዘመን ነው። እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ፣ ኮንፉሽየስ በሕልሙ እስኪያየው ድረስ ያከብረው የነበረው የዦው መስፍን ሳይቀር፣ ከደጋጎቹ ነገሥታት ጋር በዚህ በታናሹ ዘመን መቈጠሩ ነው። ቃሉ በእውነት የመምህሩ መሆኑን የሚጠራጠሩ ሊቃውንት ብዙ ናቸው፤ የመጽሐፉ ክፍሎች ተሰብስበው የተደራጁት ከእርሱ ዕረፍት ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በሃን ነገሥታት ጊዜ ነውና።

ስለ ትርጕሙ፣ «ዳ» ታላቅ ነው፤ «ቶንግ» ግን አንድ ዓይነት መሆንንም አብሮ መሆንንም ስለሚይዝ ያስቸግራል። ኮንፉሽየስ ራሱ በሌላ ስፍራ፣ ጨዋ ሰው ከሌሎች ጋር ይስማማል እንጂ እነርሱን መስሎ አይጠፋም ብሎ ስላስተማረ፣ «አንድነት» የሚለው ቃል ልዩነትን የሚደመስስ እንዳይመስል እሠጋለሁ። «ኅብረት» ግን ኅብር ከሚለው ጋር ከአንድ ሥር የወጣ ነውና፣ ልዩ ልዩ ቀለማት ሳይጠፉ የሚዋሐዱበትን መልክ ይሰጣል። የግእዝ ሰዋስው መምህራን ዐቢይ አገባብና ንኡስ አገባብ እንደሚሉ፣ ሺያዎካንግንም «ንኡስ ደኅንነት» ብንለው የሁለቱ ዘመናት ዝምድና በስማቸው ይታወቃል።

በኋላ ዘመን የቻይናው መሪ ሱን ያትሰን ከዚሁ ምዕራፍ የመጣውን፣ ዓለም የሁሉ ነው የሚለውን አሳብ በእጁ ደጋግሞ ይጽፈው ነበር፤ በናንጂንግ በሚገኘው መቃብሩም ተቀርጾ ይታያል። በ1927 እ.ኤ.አ. ያረፈው የቻይናው ሊቅ ካንግ ዮውዌይ ደግሞ፣ ከሞተ በኋላ በ1935 እ.ኤ.አ. ሙሉው በታተመው «የዳቶንግ መጽሐፍ» ውስጥ የመንግሥታትን ድንበር፣ የዘርን ልዩነት፣ ቤተ ሰብንም ጭምር እስከ ማስወገድ ደርሷል። በእርሱ እጅ ቃሉ ወደ አንድ ዓይነትነት አድልቷልና፣ ያን መጽሐፍ የሚተረጕም ሰው «ታላቁ አንድነት» ቢል አልነቅፈውም፤ የሊዩንን ምዕራፍ ለሚተረጕም ግን «ዐቢይ ኅብረት» ይበልጥበታል።