ብረት «የሚተነፍሱ» የፍል ውኃ ባክቴሪያዎች

ከቂርያት ጋት ብዙ ሳይርቅ ያለውን ሐሜይ ዮአቭን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ውኃው ወደ 39 ዲግሪ ነው፤ ለጉልበትና ለወገብ ደስ ይላል። ሙቀት ወዳድ ለሚባሉት ባክቴሪያዎች ግን ይህ ቀዝቃዛ ነው። ብዙዎቹን የሚመቻቸው ከ50 ዲግሪ በላይ ነው፤ የጥብርያን ወይም የአዲስ አበባውን ፍልውኃ ያህል ማለት ነው።

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከምግቡ ጉልበት ሲያወጣ ኤሌክትሮን የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ቅንጣቶች ይተርፉታል። የሚቀበላቸው ካጣ ሥራው ይቆማል። የምንተነፍሰው ኦክስጅን ዋና ሥራው እነሱን መቀበል ነው። ውኃ ሲሞቅ ግን አየሩ ይሸሻል፤ ድስት ከመፍላቱ በፊት ከሥሩ የሚነሡት ትንንሽ አረፋዎች የሚያመልጠው አየር ናቸው። ስለዚህ አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ኤሌክትሮናቸውን ለዝገት ይሰጣሉ። ዝገት ደግሞ ጠጣር ስለሆነ ወደ ውስጣቸው አይገባም፤ ኤሌክትሮኑን እነሱ ወደ ውጭ ማድረስ አለባቸው።

የሚያደርሱት ሳይቶክሮም በተባሉ ፕሮቲኖች ነው። በእያንዳንዱ ውስጥ ብረት ያዘለ ሄም አለ፤ ደማችንን የሚያቀላው ነገር የቅርብ ዘመዱ ነው። እሳት ሲነሣ ሰዎች ተሰልፈው ባልዲ እንደሚቀባበሉ፣ ኤሌክትሮኑም ከሄም ወደ ሄም እየተላለፈ ግድግዳውን አልፎ ይወጣል። ተርሚንኮላ ፖተንስ የተባለችው ባክቴሪያ ግድግዳዋ ወፍራም ነው፤ እንዴት ታሳልፋለች የሚለው ያስቸግር ነበር። በ2012 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ሳይቶክሮሞቹ በግድግዳዋና በገጽዋ ላይ እንዳሉ አሳዩ።

በ2003 ደግሞ ከፓስፊክ ውቅያኖስ ወለል የተገኘ፣ የባክቴሪያ የሩቅ ዘመድ የሆነ ተሕዋስ በ121 ዲግሪ ሲራባ ታየ። እሱም ብረት ነው የሚተነፍሰው። ሆስፒታሎች መሣሪያቸውን ከጀርም የሚያጸዱት በዚሁ ሙቀት ነው! (አትስጉ፤ በሰው ሰውነት ሙቀት አይራባም።)

በዝገቱ ፈንታ የካርቦን ዘንግ ቢቀመጥላቸው ኤሌክትሮኑን ለዘንጉ ይሰጣሉ፤ በሽቦ ሲያያዝ ኤሌክትሪክ ይሆናል። ከፍሳሽ መብራት ይወጣል ሲባል የምትሰሙት ከዚህ የመጣ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እንግሊዛዊው ፖተር በ1911 ከእርሾና ከባክቴሪያ የሚገኘውን ኤሌክትሪክ ለክቷል። ግን መጠኑን እንወቅ፦ ከአንድ ዕቃ የሚገኘው ከአንድ ቮልት በታች ነው፤ አንድ የባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት አለው። የመብራት ሂሳባችሁን የሚያስቀር ነው ብሎ በር የሚያንኳኳ ሻጭ ቢመጣ ገንዘባችሁን አታውጡ። እዚሁ እስራኤል ኤምፍሲ የተባለው ኩባንያ እንኳ ከፍሳሽ ኤሌክትሪክ ለማውጣት ተነሥቶ፣ በኋላ ፊቱን ወደ ፍሳሽ ማጣራት አዙሯል።