የመካነ ሰላም ደጋና የልብ ዕረፍት

የሰው ልብ በሥራ ብዛትና በሐሳብ ክብደት በተጨነቀ ጊዜ ከሰፈር ወጥቶ ዛፍና ተራራ ወዳለበት መሄድ እንደሚጠቅም የዛሬ ዘመን ሊቃውንት አዲስ ነገር እንዳገኙ አድርገው ይናገራሉ። ነገሩ ግን በወሎ ምድር፥ ይልቁንም በቦረናና በሳይንት ደጋ፥ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። የቦረና ከተማ ስሟ ራሱ መካነ ሰላም፥ ይኸውም የሰላም ስፍራ ማለት ነውና።

ይህን መንገድ አስቀድመው የጠረጉት መነኮሳት ናቸው። በ3ኛው መቶ ዓመት በግብፅ አገር ቅዱስ እንጦንስ ሀብቱን ለድሆች ሰጥቶ ወደ በረሐ ወጣ፤ ፍለጋውም እስከ ኢትዮጵያ ደረሰ። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ በሐይቅ እስጢፋኖስ፥ ውሃ በከበበው ጸጥተኛ ስፍራ፥ ደቀ መዛሙርት ሰብስቦ አስተማረ።

በዚያው ደብር ኋላ ከተማሩት አንዱ አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ ነው። አባቱ የቤተ መንግሥት ካህን ነበር። ገድሉ እንደሚናገረው፥ ልጁ በመጀመሪያ ትምህርት አልገባው ብሎ ለማኅበሩ እህል እየፈጨ በብዙ ኀዘን ኖረ፤ ከዚያ በኋላ ምስጢር ተገለጠለት። ዳግመኛም በዐፄ ዳዊት ዘመን ተከሶ እስራት ቀመሰ። እንዲህ ያለ መከራ ያየው ሰው በፈረንጅ አቈጣጠር በ1424 ዓመት መጽሐፈ ምስጢርን ጽፎ ፈጸመ። ስሙም ከቤተ መንግሥት ጋር ሳይሆን በቦረና ካለው ከጋሥጫ ገዳም ጋር ተያይዞ ቀረ። ስለዚህ ወደ ምድረ በዳ መውጣት ሥራ መፍታት እንዳይደለ ታሪኩ ምስክር ነው። ጸጥታውን ያገኘ ሰው መጽሐፍ ይዞ ተመልሷልና።

እርግጥ ነው፥ መነኮሳቱ የወጡት ለጸሎትና ለተጋድሎ እንጂ ለመንፈስ መዝናናት አልነበረም። ሆኖም ከእነርሱ ሥርዓት ሕዝቡ የራሱን ድርሻ አግኝቷል። በዙሪያው ያለው ኮረብታ ታርሶና ተመንጥሮ በተራቈተበት ስፍራ ሁሉ፥ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያለው ጽድ፥ ወይራና ኮሶ ሳይቈረጥ ቆሟል። ከቅዳሴ በኋላ ገበሬው በዚያ ጥላ ይቀመጣል፤ ሽማግሎች ከዛፍ ሥር ሆነው የተጣላን ያስታርቃሉ፤ ኀዘንተኛም እዚያ ተቀምጦ ልቡ እስኪረጋ ይቆያል። ይህን ያዘዘ ሐኪም አልነበረም፤ ልማዱ ግን መድኃኒት ነበር።

የውጭ አገር ሊቃውንት ነገሩን በቍጥር መመርመር የጀመሩት ከዚህ እጅግ ዘግይተው ነው። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1981 በፔንሲልቫኒያ ባለ አንድ ሐኪም ቤት የሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውን 46 በሽተኞች መዝገብ አመሳከረ። በ1984 ባወጣው ጽሑፍ፥ በመስኮታቸው ዛፍ ያዩ የነበሩት 23ቱ፥ የጡብ ግንብ ብቻ ካዩት 23ቱ ይልቅ ፈጥነው ወደ ቤታቸው እንደተመለሱና ብርቱውን የሕመም ማስታገሻ በጥቂቱ እንደወሰዱ አስታወቀ። በጃፓንም የደን አስተዳደሩ በ1982 ሕዝቡን «በደን መታጠብ» በሚል ስም ወደ ጫካ መጥራት ጀመረ። በ2019 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ከ20,000 ከሚጠጉ ሰዎች የተሰበሰበ መልስ፥ በሳምንት 120 ደቂቃ ያህል በዱርና በመስክ የሚያሳልፉ ሰዎች ጤናቸውም ደስታቸውም የተሻለ መሆኑን አመለከተ። ሰዓቱ በአንድ ቀን ቢፈጸም ወይም ቢከፋፈል ልዩነት አልታየበትም።

ለመካነ ሰላም ሰው እንዲህ ያለው ስፍራ ሩቅ አይደለም። ከከተማዋ ብዙ ሳይርቅ የደንቆሮ ጫካ አለ፤ በ2001 ዓ.ም. በአማራ ክልል መንግሥት ደንብ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከልሏል። ከታች ጥቅጥቅ ያለው ደን፥ ከላይ አስታውና ጅብራው፥ ከዚያም የጓሳው ሣር ይታያል። ጭላዳው በገደሉ አፋፍ ሣር ይነጫል፤ የምኒልክ ድኩላ በጥላው ያልፋል፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘው ቀይ ቀበሮም በደጋው አይጥ ሲያድን ይውላል።

ነገር ግን እውነቱን መሸሸግ አይገባም። ለከተማው ሰው ዕረፍት የሆነው ጫካ በአጠገቡ ለሚኖረው ገበሬ ማገዶው፥ የከብቱ ግጦሽና የልጁ እርሻ ነው። የተራበን ሰው «የወፍ ድምፅ ስማና ተጽናና» ማለት ምጽዋት የሌለበት ምክር ነው። ስለዚህ የአንዱ ዕረፍት የሌላው ረኃብ እንዳይሆን ሥርዓት ያስፈልጋል። የመንዝ ሰዎች ይህን ዐውቀው ቄሮ በተባለው ሥርዓታቸው የጓሳን መስክ ለዓመታት እየዘጉ፥ ሣሩ በደረሰ ጊዜ ለሁሉ በልክ እየከፈቱ ለ400 ዓመት ያህል ጠበቁት። ሥርዓቱ የፈረሰው በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሲታወጅ ነው፤ ሕዝቡ ግን ኋላ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሶ አቋቁሞታል።

እንግዲህ የደንቆሮም ጫካ የሚጸናው በአጥርና በዘበኛ ብቻ አይደለም። ጥበቃው ለገበሬው ደግሞ እንጀራ ሲሆንለት፥ የከተማው ሰውም የዕረፍቱን ዋጋ ዐውቆ ድርሻውን ሲከፍል ነው። አባቶች በጸጥታው ውስጥ ጸልየው መጽሐፍ ትተው አለፉ፤ የዛሬው ትውልድ ጸጥታውን ራሱን ለልጆቹ ቢተው፥ የመካነ ሰላም ስም ከግብሯ ጋር ተስማምቶ ይኖራል።