ብርድ የሸጠች መንደር

የእኛ ክረምት ዝናብ ነው። ሰኔ ሲገባ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ይጨቀያል፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ምድሪቱ በአደይ ትሸለማለች። የፈረንጆቹን የብርድ ወራት ስንተረጉም ግን ያንኑ «ክረምት» የሚለውን ቃል እናውሳቸዋለን። የእነርሱ ክረምት የሚገባው እኛ በጋ ላይ ሳለን፣ ገበሬው እህሉን በአውድማ ሲወቃ፣ ልጆች ለገና ጨዋታ ዱላ ሲያዘጋጁ ነው። «በረዶ» ስንልም እንዲሁ ነው። ቆርቆሮውን እንደ ጠጠር የሚደበድበውንም፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም፣ እንደ ተነደፈ ጥጥ ድምፅ ሳያሰማ የሚወርደውንም በአንድ ስም እንጠራዋለን።

ቃሉ ሲጠበን ታሪኩም ይጠብብናል። ስለዚህ ዛሬ፣ ኑሮዋ ሁሉ በዚያ ድምፅ አልባ በረዶ ላይ ስለተመሠረተ አንዲት የተራራ ከተማ ላወጋችሁ ወደድሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዳቮስ በምሥራቅ ስዊዘርላንድ፣ ግራውቡንደን በሚባለው ግዛት፣ ከባሕር ወለል በላይ 1560 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። ብዙዎቻችን ስሟን የምናውቀው የአገር መሪዎችና ባለጸጎች ከ1971 ጀምሮ በሚሰበሰቡበት ጉባኤ ነው። በከፍታ አዲስ አበባ ትበልጣታለች፤ ዳቮስ ግን ከምድር ወገብ እጅግ የራቀች ናትና ከኅዳር እስከ መጋቢት ነጭ ለብሳ ትከርማለች።

እስከ አሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ በዚህ ሸለቆ የበረዶ ወራት ማለት የመታሰር ወራት ነበር። ነዋሪው ከብት አርቢ ነው። በሞቃቱ ወራት አጭዶ ያከማቸውን ድርቆሽ ለከብቱ እየሰጠ፣ እርሱም በእንጨት ቤቱ ውስጥ ምድጃውን ተጠግቶ የበረዶውን መቅለጥ ይጠብቃል። በ1853 ወደዚህች መንደር አሌክሳንደር ሽፔንግለር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም መጣ። በ1848 እና 1849 በተካሄደው አብዮት ተሳትፎ ከአገሩ የተሰደደ፣ ሕክምናን በዙሪክ የተማረ ሰው ነበር። ስደተኛው ሐኪም ብዙም ሳይቆይ አንድ ነገር አስተዋለ። በዚያ ዘመን የአውሮፓን ከተሞች ሕዝብ ይፈጅ የነበረው የሳንባ ነቀርሳ በዳቮስ ነዋሪዎች ዘንድ አይታይም። ምስጢሩ አየሩ ነው ሲል ደመደመ።

የዘመኑ ሐኪሞች የሳንባ ሕመምተኛን የሚልኩት ወደ ሞቃት የባሕር ዳርቻ ነበር። እነሆ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1865፣ ብርዱ በጠናበት ወር፣ ፍሪድሪኽ ኡንገር የተባለ ሐኪምና ሁጎ ሪኽተር የተባለ ወጣት፣ ሁለቱም ነቀርሳ የያዛቸው፣ ፈውስ ፍለጋ ዳቮስ ደረሱ። የመንደሩ ሰው «አበዱ» ብሎ ቢሆን አይፈረድበትም። ነገር ግን ሁለቱም ተሻላቸው፤ ሪኽተርም እዚያው ቀርቶ መጽሐፍ ሻጭና አሳታሚ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቪለም ያን ሆልስቦር የተባለ ሆላንዳዊ የታመመች ሚስቱን ይዞ መጣ። ሚስቱ ሞተች፤ እርሱ ግን አልሄደም። ከሽፔንግለር ጋር ሆኖ የሕሙማን ማረፊያ አቋቋመ፤ ኋላም የባቡር ሐዲድ እንዲዘረጋ ታገለ፣ ባቡሩም በ1890 ዳቮስ ገባ። ሚስቱን ላላዳነላት አየር ዕድሜውን ሙሉ ምስክር መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የሚሸጠው ዕቃ እንግዲህ ብርድ ነበር፤ ደረቅ፣ ነፋስ የማይበዛበት፣ ፀሐይ ያለበት ብርድ። የሕመምተኛው ውሎም በዚሁ ዕቃ ልክ ተሰፋ። ከቁርስ በኋላ ሰገነት ላይ ወጥቶ፣ ባለመደገፊያ ረጅም ወንበር ላይ ተጋድሞ፣ እስከ አገጩ በብርድ ልብስና በቆዳ ተጠቅልሎ፣ ለሰዓታት ሳይንቀሳቀስ ያንን አየር ይስባል። የሙቀት መለኪያውን በአፉ ይዞ ደቂቃ ይቆጥራል። ይበላል፤ ተመልሶ ይጋደማል። ቤቶቹ እንኳ ለዚህ ሲባል መልካቸውን ለወጡ፤ ሁሉም ሰገነታቸውን ወደ ደቡብ፣ ወደ ፀሐይ አዞሩ። የዳቮስ ቤቶች ጣሪያም ዝርግ ነው፤ በረዶው ተንሸራቶ በመንገደኛ ላይ እንዳይወድቅ እዚያው ጣሪያው ላይ ይቀመጣል፣ ሲቀልጥም ውሃው በቤቱ ውስጥ ባለ ቧንቧ ይወርዳል።

በ1882 ሮበርት ኮኽ የነቀርሳን ተሕዋስ ለይቶ ሲያገኝ፣ አየር ብቻውን ይህን ጠላት እንደማይገድል ለሚያስብ ሰው ግልጽ መሆን ጀመረ። ዕረፍቱና ምግቡ ለአንዳንዱ ዕድሜ ጨመረለት፤ ብዙዎች ግን በዚያ ንጹሕ አየር ውስጥ ሞቱ። ሕመምተኛው መምጣቱን አላቋረጠም፤ ሌላ መድኃኒት አልነበረውምና።

ከመጡት መካከል እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች የምናውቃቸው አሉ። ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ከ1880 እስከ 1882 ሁለት ክረምት በዳቮስ ከረመ። ዙሪያውን የከበበው ነጭነት እንደ ወህኒ ቤት አጥር አስጨንቆት ነበር፤ ሆኖም ሌሊት ብቻውን በትንሽ ሸርተቴ ላይ ተቀምጦ ቁልቁል መንሸራተትን እጅግ ወደደ፣ ጻፈበትም። «የሀብት ደሴት» የሚለውን ታሪኩን፣ ያንን የሞቃት ባሕርና የወንበዴዎች ልብ ወለድ፣ የፈጸመው እዚያው በረዶ መካከል ነው። ሳንባው የታመመ ሰው በነጭ ሸለቆ ታስሮ፣ በምናቡ መርከብ ተሳፍሮ መውጣቱ ራሱ አንድ ልብ ወለድ አይደለምን?

ቶማስ ማን በ1912 የመጣው ታምሞ ሳይሆን እዚያ ትታከም የነበረችውን ሚስቱን ካትያን ሊጠይቅ ነበር። የቆየው ሦስት ሳምንት ገደማ ነው፤ ከዚያ የተወለደው «አስማተኛው ተራራ» ግን በ1924 ታትሞ ዳቮስን በዓለም ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ለዘለዓለም አኖራት። ወጣቱ ሃንስ ካስቶርፕ ለሦስት ሳምንት ጥየቃ መጥቶ ሰባት ዓመት ይቀራል። አንባቢን ከሚዘገንኑት ነገሮች አንዱ በመጽሐፉ መግቢያ ላይ የሚነገረው ነው፤ ከላይኛው የሕሙማን ማረፊያ የሞቱት ሰዎች አስከሬን፣ በክረምት መንገዱ በበረዶ ሲዘጋ፣ በሸርተቴ ወደ ታች ይወርዳል። ስቲቨንሰን የተደሰተበት ሸርተቴ እዚህ ቃሬዛ ሆነ።

ጨዋታውም ከዚያው ከሕመሙ ጎን በቀለ። አርተር ኮናን ዶይል፣ የሼርሎክ ሆምዝ ደራሲ፣ ሚስቱ ሉዊዛ ነቀርሳ ስለያዛት በ1893 ወደ ዳቮስ አመጣት። የቀራት ጥቂት ወራት ነው ተብሎ ነበር፤ እስከ 1906 ኖረች። ባልየው በበኩሉ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበርና፣ ከኖርዌይ የመጣውን፣ በሁለት ረዣዥም ሳንቃዎች ላይ ቆሞ በበረዶ የመንሸራተት ጥበብ፣ ስኪን፣ መማር ጀመረ። አስተማሪዎቹ የመንደሩ ተወላጆች፣ ብራንገር የሚባሉ ወንድማማቾች ነበሩ። እነርሱም ቀደም ሲል ሰው እንዳይስቅባቸው ጨለማን ተገን አድርገው ይለማመዱ ነበር ይባላል። በማርች 1894 ሦስቱ ከዳቮስ ተነሥተው፣ ተራራውን ተሻግረው አሮዛ ወደምትባለው መንደር ወረዱ። ዶይል ጉዞውን በለንደን መጽሔት ላይ ሲጽፍ፣ በመቶ የሚቆጠሩ እንግሊዛውያን ለስኪ ሲሉ ብቻ ወደ ስዊዘርላንድ የሚመጡበት ጊዜ እንደሚደርስ ተነበየ። ትንቢቱ አነሰ እንጂ አልበዛም።

በ1932 ባቡር እስከ ቫይስፍሉዮኽ፣ 2662 ሜትር ድረስ ወጣ። በ1934 የገና ዋዜማ ደግሞ ኤርንስት ኮንስታም የተባለ መሐንዲስ የሠራው ሰዎችን በገመድ ሽቅብ የሚጎትት መሣሪያ ቦልገን በሚባለው የዳቮስ ተዳፋት ላይ ሥራ ጀመረ። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ለመውረድ ሲባል ግማሽ ቀን መውጣት ግድ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስትሬፕቶማይሲን ተገኘ፤ ነቀርሳ በመርፌ የሚድን በሽታ ሆነ። የሕሙማን ማረፊያዎቹም አንድ በአንድ ተዘጉ ወይም ሆቴል ሆኑ። በ1900 የተከፈተው ሻትስአልፕ በ1950ዎቹ ሆቴል ሆነ። ሞትን ሲጠባበቁ ይጋደሙበት በነበረው ሰገነት ላይ ዛሬ እንግዳ ቡናውን ይጠጣል። መንደሪቱ ገዢ ለወጠች እንጂ ዕቃዋን አልለወጠችም፤ ያው ብርድ፣ ያው በረዶ፣ ያው ፀሐይ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንላለን፤ በረዶም እንዲሁ ነው። ሕመምተኛው የሚናፍቃትን፣ እንግዳው የሚያደንቃትን ያችን ኮከብ የሞላባት፣ ነፋስ የሌለባት፣ የጠራች ቀዝቃዛ ሌሊት አስቡ። በእንዲህ ያለች ሌሊት በበረዶው ገጽ ላይ እንደ ላባ የሚያብረቀርቅ ስስ የውርጭ ቅንጣት ይበቅላል። ማለዳ ሲያዩት ያምራል። በማግሥቱ አዲስ በረዶ ሲወርድበት ግን ያ ውብ ቅንጣት ተቀብሮ ደካማ ንጣፍ ይሆናል። ከላዩ የተከመረው ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ብስኩት በመሰለ ነገር ላይ ነው። አንድ ቀን የአንድ ሰው ክብደት ይበቃዋል፤ ተዳፋቱ በሙሉ ተሰንጥቆ ይናዳል። ውበቱና ሞቱ የአንድ ሌሊት ልጆች ናቸው።

ይህን ለማወቅ በ1936 ጥቂት ተመራማሪዎች በቫይስፍሉዮኽ ከአንዲት ጎጆ ገብተው በረዶን ንጣፍ በንጣፍ መቁረጥና መመርመር ጀመሩ። ከዚያ ዘመን ጀምሮ በዚያ ተራራ ላይ የበረዶው ጥልቀት ዕለት ዕለት ይለካል። በ1951 ክረምት ብቻ የበረዶ ናዳ በስዊዘርላንድ ከ90 በላይ ሰዎችን ገደለ። በፌብሩዋሪ 1999 ከዳቮስ ብዙም በማይርቁት፣ ከኦስትሪያ ድንበር ማዶ ባሉት ጋልቱርና ቫልሱር፣ 38 ሰዎች ሞቱ። መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ለቀናት ታግተው የነበሩ እንግዶችም ከሟቾቹ መካከል ነበሩ፤ በጋልቱር ናዳው የገባው ከአደጋ ነጻ ነው ተብሎ ይታመን በነበረ ሰፈር ነው።

እንዲህ ባለው አገር ውሎ የሚጀምረው እንግዳው ሳይነቃ ነው። ገና ሳይነጋ የበረዶ መጥረጊያው መኪና መንገዱን ይከፍታል፤ ባለሱቁ በአካፋ ደጁን ይጠርጋል። በየመንደሩ ያለው ታዛቢ በጧት ወጥቶ ሌሊቱን የወረደውን በዘንግ ይለካል፣ ለተቋሙም ያስተላልፋል። በተራራው ላይ የጥበቃ ሠራተኞች ናዳውን በሰው ላይ ከመውረዱ በፊት እነርሱ በመረጡት ሰዓት ለማውረድ ፈንጂ ያፈነዳሉ፤ እንግዳው በአልጋው ሆኖ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ይሰማዋል። ማስጠንቀቂያው ከአንድ እስከ አምስት ባለው መለኪያ ይነገራል፤ የመንደሩ ሰው እኛ ጧት ሰማዩን ቀና ብለን እንደምናየው ያንን ቁጥር ያያል። ማታ ሁሉም ሲተኛ ደግሞ ተዳፋቱን ለነገ የሚያስተካክሉት ከባድ መኪኖች መብራታቸውን አብርተው ሽቅብ ይወጣሉ።

ታዲያ ዛሬ ያች መንደር የምትፈራው ናዳውን ብቻ አይደለም። ምድር እየሞቀች ነው። በአልፕስ ተራሮች በረዶው ዘግይቶ እየገባ ቀድሞ እየቀለጠ ነው፤ ዝቅ ባሉት ሸለቆዎች ያሉ አንዳንድ የስኪ መንደሮች ገመዳቸውን ነቅለዋል። በዳቮስ አንድ ያልተለመደ ነገር ይደረጋል። በክረምት የተከማቸ በረዶ በአንድ የጎን ሸለቆ ይከመርና 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ሰጋቱራ ይሸፈናል። ሙቀቱን አልፎ በጥቅምት ሲገለጥ ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ተርፎ ይገኛል፤ ለመጀመሪያዎቹ ተንሸራታቾችም ይነጠፋል።

ይህን ባሰብሁ ቁጥር የሽፔንግለር ሕመምተኞች ትዝ ይሉኛል። ያኔ ሰዎች በብርድ ልብስ ተጠቅልለው በበረዶው ፊት ይጋደሙ ነበር፤ አንድ ተጨማሪ ወቅት ለመኖር። ዛሬ ተሸፍኖ የሚጋደመው በረዶው ራሱ ነው፤ ሙቀቱን በየጊዜው የሚለኩለት፣ ስንት እንደተረፈለት የሚቆጥሩለት፣ ለከርሞ ያድርሰው የሚሉት። ብርድን የሸጠች መንደር፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ስትነግድ ኖራ፣ የብርዱ አስታማሚ ሆነች።