ጥሪና ነፃነት፤ የእኅት ባኪታ ታሪክ

የምንኵስና ጥሪ በሰው ጫንቃ ላይ የሚጫን ቀንበር ሳይሆን፥ ነፃ ፈቃድ የሚሰጠው መልስ መሆኑን የዮሴፊን ባኪታ ታሪክ ያስረዳናል።

ባኪታ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1869 ገደማ በሱዳን፥ በዳርፉር ተወለደች። ገና ልጅ ሳለች ባሪያ ፈንጋዮች ሰረቋት። ከድንጋጤዋም ብዛት ወላጆቿ ያወጡላትን ስም ረሳች፤ «ባኪታ»፥ ማለት «ዕድለኛ» ብለው የሰየሟት ፈንጋዮቿ ናቸው። ከጌታ ወደ ጌታ ስትሸጥ ኖራ በ1885 ኢጣልያ ገባች። በቬኒስ ከተማ በካኖሳ ደናግል ቤት ሃይማኖት ስትማር ሳለች፥ እመቤቷ ወደ አፍሪካ ልትመልሳት መጣች። ባኪታ ግን አልሄድም አለች። ነገሩም ለዳኝነት ቀርቦ፥ የኢጣልያ ሕግ ባርነትን ስለማይቀበል፥ በ1889 ነፃ መሆኗ ተፈረደላት።

እንግዲህ ወደ ወደደችው መሄድ ስትችል፥ በዚያው መቅረትን መረጠች። በ1890 ተጠመቀች፤ በ1896 የምንኵስና መሐላዋን ፈጸመች። በስኪዮ ከተማ ገዳም ምግብ እያበሰለች፥ ልብስ እየጠለፈች፥ በር እየጠበቀች ብዙ ዘመን አገልግላ በ1947 ዐረፈች። በ2000 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ብላ ሰየመቻት።

በባርነት የሠራችውና በገዳም የሠራችው ሥራ በዓይን ሲታይ ተመሳሳይ ነው። ነገር ግን ፊተኛውን ያሠራት ጅራፍ፥ ኋለኛውን ያሠራት ፈቃዷ ነበረ።