ክህሎት

«ክህሎት» ከግእዙ «ክህለ» የወጣ ነው፤ ቻለ ማለት ነው። ፈጣሪን «ከሃሊ» ብለን የምንጠራውም ከዚሁ ሥር ነው። እንግዲህ ክህሎት ማወቅ ብቻ ሳይሆን ያወቁትን አድርጎ ማሳየት ነው። ይህን ማስታወስ ያስፈለገው ቃሉ ዛሬ ከምስክር ወረቀት ጋር እየተምታታ በመምጣቱ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች መርሐ ግብር የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ትምህርት በነፃ ከፍቷል፤ እሰየው ነው። የወጣቱ ክህሎት የሚለካው ግን ሰርተፍኬቱን በማውረዱ ሳይሆን፣ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ከባዶ ጽፎ፣ አልሠራ ስትል ስህተቷን አድኖ ሲያርም ነው።

ጥንቃቄም ከክህሎት አይነጠልም። የማያውቀው ሰው ደውሎ «ሽልማት ደርሶዎታል፤ በመልእክት የገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ» ሲለው፣ ቁጥሩ የገዛ አካውንቱ መክፈቻ መሆኑን ያልተረዳ ወጣት ኮድ መጻፍ ቢችልም ገና ክህሎት ይጎድለዋል። «መጀመሪያ እንጀራ ይገኝ፣ ጥንቃቄው ይደርሳል» የሚሉ አሉ። ሥራ የማጣቱ ጭንቀት እውነት ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን መተግበሪያ የሚሠራ ወጣት ከመጀመሪያ ሥራው ጀምሮ የሌሎችን ስም፣ ስልክና ሂሳብ ይይዛል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰው መረጃ የሚይዝ ሁሉ እንዲጠብቀው ያስገድዳል። ስለዚህ የደንበኛን የይለፍ ቃል እንዴት በአስተማማኝ ሁኔታ እንደሚያስቀምጥ መማር ያለበት በትምህርቱ ማብቂያ ሳይሆን፣ የመጀመሪያውን የመመዝገቢያ ቅጽ በሚሠራበት ሳምንት ነው።