ከባርሴሎና እስከ ቶኪዮ፦ የሴቶች ምድብና የጾታ ምርመራ ታሪክ

ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ፣ በሴቶች ምድብ ለመወዳደር የዘረመል ምርመራ ግዴታ ነበር። ድሉን ስናወሳ ይህን እንዘለዋለን። የሚፈለገው ኤስአርዋይ የተባለው፣ ዘወትር በዋይ ክሮሞሶም ላይ የሚገኘው ዘረመል ነበር። ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን ባሸነፈችበት የ1996ቱ አትላንታ ኦሊምፒክ ከ3,387 ተመርማሪዎች 8ቱ ተለዩ፤ ሁሉም እንዲወዳደሩ ተፈቀደላቸው። ምርመራው ሴት መስሎ የገባ ወንድ አላጋለጠም። በ1999 ኦሊምፒክ ኮሚቴው አቆመው።

በ2023 የዓለም አትሌቲክስ የወንድ ጉርምስና ያለፉ ትራንስጀንደር ሴቶችን ከሴቶች ምድብ አገደ። በእኔ እይታ ለዚህ እገዳ በቂ ምክንያት አለ፤ በጉርምስና የተገኘ የአካል ብልጫ ሆርሞን በመቀነስ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ለ2025ቱ የቶኪዮ ሻምፒዮና የተመለሰው የኤስአርዋይ ምርመራ ግን ሌላ ጉዳይ ነው (ሁለቱን የምናምታታ ብዙዎች ነን)። እርሱ የሚመለከተው ሴቶችን ሁሉ ነው፤ ነገ ከካፋ ተነስታ እዚያ የምትደርሰውንም ልጅ ጭምር።

ስፔናዊቷ የመሰናክል ሯጭ ማሪያ ሆሴ ማርቲኔዝ ፓቲኞ በ1985 ኮቤ ላይ የክሮሞሶም ምርመራውን አላለፈችም። ሰውነቷ ለወንዴ ሆርሞን ምላሽ አይሰጥም፤ ስለዚህ ብልጫ አላስገኘላትም። ምስጢሯ በጋዜጣ ወጣ፤ የትምህርት ድጋፏን አጣች፤ እጮኛዋ ተለያት። በ1988 መብቷ ቢመለስም ለባርሴሎና የሚያበቃውን ሰዓት ለጥቂት ሳታሟላ ቀረች። ደራርቱ በሮጠችበት ኦሊምፒክ አልተገኘችም።