ነጥቡና ቃሉ፦ ቅርጽን የማደስ ታሪክ ከብራና እስከ ጊት



የዛሬው ንግግሬ የጽሑፍን ቃል ሳይነኩ ቅርጹን ስለ ማደስ ነው። ጥያቄዬም አንድ ነው፦ ቅርጽ ሲታደስ ቃሉ አለመለወጡን ከእኛ በኋላ የሚመጣው አንባቢ በምን ያረጋግጣል?

በንጉሥ ዒዛና የግእዝ የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ቃልን ከቃል የሚለየው የቆመ ሰረዝ ነበር። በብራና መጻሕፍት ቦታውን ሁለት ነጥብ ያዘ። በሕትመት ዘመን ደግሞ ሁለት ነጥቡ ለባዶ ቦታ እየለቀቀ ሄደ። ዳግማዊ ምኒልክ ከዚህ ከጉለሌ በላይ፣ በእንጦጦ ማርያም፣ ዘውድ የጫኑት በ1882 ዓ.ም. መሆኑን እናውቃለን፤ ሁለት ነጥቡ ከገጻችን የወጣበትን ቀን ግን መቍጠር አንችልም። የቅርጽ ለውጥ አዋጅ ሳይነገርለት በዝግታ ይገባል።

ቁም ጸሐፊው ስሕተት ሲያገኝ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው፣ ቀለሙን በስለት ፍቆ በቦታው ሌላ መጻፍ ነው፤ ገጹ ያምራል፣ የቀድሞው ንባብ ግን ይጠፋል። ሁለተኛው፣ የተሳሳተውን ፊደል ከላይና ከታች ምልክት አድርጎበት መተው፣ የተዘለለውንም በመስመሮች መካከል ወይም በኅዳግ መጨመር ነው። ይህ ውበቱን ቢቀንስም ሁለቱን ንባቦች ለተመራማሪ ያቆያል።

ይኸው ምርጫ በእኛም ዘመን ተመልሶ መጥቷል። የሊኑክስ ሠራተኞች ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይገለገሉበት የነበረው ቢትኪፐር በነጻ መሰጠቱ ሲቋረጥ፣ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ጊት የተባለውን የስሪት መቆጣጠሪያ ሠራ። ጊት እያንዳንዱን ለውጥ ከለዋጩ ስም፣ ከቀኑና ከምክንያቱ ጋር ይመዘግባል፤ ይህ ምዝገባ ኮሚት ይባላል።

የጊት የአጠቃቀም መመሪያ ራሱ በብዙ እጆች ስለ ተጻፈ ቅርጹ ከገጽ ገጽ ይለያይ ነበር። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ አስተዋፅኦ አድራጊዎች ገጾቹን አንድ በአንድ ወደ ወጥ ቅርጽ እየመለሱ ነው። እንዳለ የሚተየበው ቃል ስፋቱ እኩል በሆነ ፊደል፣ ተጠቃሚው በራሱ ዋጋ የሚተካው ደግሞ በማዕዘን ቅንፍና በዘመም ፊደል ይጻፋል። የትእዛዞቹ ሥራ ግን ያው ነው።

አደጋው የሚመጣው ቅርጽና ይዘት በአንድ ጊዜ ሲለወጡ ነው። ጊት ልዩነትን የሚያሳየው በመስመር ስለሆነ፣ ሁሉም መስመር ሲለወጥ እውነተኛው ለውጥ በብዛት መካከል ይሰወራል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠራተኞች የቅርጽ እድሳትን በተለየ ኮሚት ያስቀምጣሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ስሪት 2.23 ደግሞ መስመሩን በመጨረሻ የጻፈው ማን እንደ ሆነ ሲፈተሽ፣ የቅርጽ ብቻ የሆኑ ኮሚቶችን በዝርዝር መዝለል አስችሏል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ሲገባ ሁለት ነጥብም የራሱን ቍጥር አግኝቷል፤ በመሆኑም ለኮምፒውተር ነጥብና ባዶ ቦታ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የብራና ጽሑፍ የሚገለብጥ ተማሪ ነጥቦቹን ወደ ባዶ ቦታ ሲለውጥ፣ በዚያው ኮሚት ሠን ወደ ሰ «አረመ» እንበል። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ግን የሌባ ሥራ ነው። ፀሐይን ሌባ ያደረገችው አንዲት ፊደል በሺህ በተለወጡ መስመሮች መካከል ከቶ አትታይም።

ስለዚህ የጽሑፍ ቅርስ ወደ ዲጂታል የምትመልሱ ሁሉ፣ አስቀድማችሁ የተገኘውን እንዳለ መዝግቡ። ቀጥሎ ቅርጹን ብቻ አድሱ፤ እርማቱንም ከምክንያቱ ጋር ለብቻው አስፍሩ። የፋቀውን ጸሐፊ ንባብ መመለስ እጅግ አዳጋች ነው፤ ምልክት አድርጎ የተወውን ግን ዛሬም እናመሰግነዋለን።